የጓሮ አበባ ተባይ ሲይዘውና ማበብ ሲዘገይበት፦ የትኛው መፍትሔ ለማን ይሻላል?

አበባ የሚወድ ሰው ሁለት ነገር ያበሳጨዋል። አንደኛው ለስላሳው የፅጌረዳ ጫፍ በክሽክሽ ሲሸፈን ማየት ነው። ሁለተኛው ተክሉ ቅጠል በቅጠል ሆኖ፣ ቁመቱም እየጨመረ፣ አበባ ግን አልሰጥም ሲል ነው። ያኔ ምክሩ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ጎረቤት "አመድ በትኚበት" ትላለች። ችግኝ ሻጩ "ይቺን መድኃኒት ርጩባት" ይላል። አትክልተኛው ዩሪያ ይዞ ይመጣል። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ነጭ ሽንኩርቱ፣ የቡና አተላው፣ የእንቁላል ቅርፊቱ አለ።

ምክሮቹ ሁሉ ስህተት አይደሉም። ግን አንዱ ለክሽክሽ የሚሆነው ለሻጋታ አይሆንም። ለአንዱ ተክል ማዳበሪያ የሆነው ሌላውን ቅጠል ብቻ ያደርገዋል። ስለዚህ አማራጮቹን አንድ በአንድ እንያቸው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከአዲስ አበባና መሰል ደጋና ወይና ደጋ ከተሞች ጓሮ ናቸው። ፅጌረዳ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ በየግቢው ያለችውም፣ በተባይ የምትቸገረውም እሷ ናትና።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በቤት ጓሮ ደረጃ አብዛኛው የተባይ ችግር በውሃና በሳሙና ይፈታል። አብዛኛው የመዘግየት ችግር ደግሞ በፀሐይና በመቀስ። የመርዝ ጠርሙስ ተራው መጨረሻ ላይ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

እኔ አምስት ነገር አያለሁ።

- ለተያዘው ችግር በእርግጥ ይሠራል ወይ?
- ውጤቱ በስንት ጊዜ ይታያል?
- ለልጆች፣ ለውሻና ድመት፣ ለንብ ምን ያህል አስጊ ነው?
- ወጪው ስንት ነው? የአንድ ቀን ብቻ ሳይሆን በየሳምንቱ ሲደጋገም።
- እዚሁ በቀላሉ ይገኛል ወይ?

አራተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ርካሽ የሚመስል ነገር በየሳምንቱ የሚደገም ከሆነ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። ሦስተኛውን ደግሞ በጓሯችን ልክ አስቡት። ብዙ ግቢ ውስጥ ከፅጌረዳዋ አጠገብ ጤና አዳም፣ በሶብላ ወይም ጥብስ ቅጠል አለ። አበባው ላይ የተረጨው በነፋስ ወደዚያ ይሄዳል። ከዚያ ቡና ውስጥና ወጥ ውስጥ ይገባል።

ከመግዛታችሁ በፊት ቅጠሉን ገልብጡት

ማንኛውንም ነገር ከመርጨታችሁ በፊት የቅጠሉን ጀርባ እዩ። በዐይን የማይለይ ከሆነ የስልካችሁን ካሜራ አቅርባችሁ ፎቶ አንሱና አጉሉት። የምታገኙት ከሚከተሉት አንዱ ነው።

ክሽክሽ። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። በአዲስ ጫፍና በእንቡጥ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። የተክሉን ጭማቂ ይመጥጣሉ፤ የሚያጣብቅ ጣፋጭ ፈሳሽ ይተዋሉ። ፈሳሹ ላይ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል። ጉንዳን ግንዱ ላይ ሲመላለስ ካያችሁ ክሽክሽ መኖሩን ጠርጥሩ። ጉንዳን ያንን ጣፋጭ ስለሚፈልግ ክሽክሹን ከጠላቶቹ ይጠብቀዋል።

ቀይ ሸረሪት። የአበባ እርሻ ሠራተኞች ማይት የሚሏት ናት። ነፍሳት ሳትሆን የሸረሪት ዘመድ ናት፤ ይህ ልዩነት መድኃኒት ስንመርጥ ዋጋ አለው። ቅጠሉ ከላይ በመርፌ የተጠቀጠቀ ይመስል ቢጫ ነጠብጣብ ይሞላዋል። ሲብስ ቀጭን ድር ይታያል። ደረቅና ሞቃት ወቅት ትወዳለች። በበጋው፣ በተለይ ከጥር እስከ ሚያዝያ፣ አቧራ በበዛበት ግቢ ትበረታለች።

ትሪፕስ። ቀጭን፣ ቶሎ የምትሮጥ፣ እንቡጥ ውስጥ የምትደበቅ ነፍሳት ናት። የአበባው ቅጠሎች ጠርዛቸው ቡናማ ሆኖ ከወጣ፣ ወይም እንቡጡ ተጨማዶ አልፈታ ካለ፣ አንዱን እንቡጥ ነጭ ወረቀት ላይ አራግፉት። ትወድቃለች።

ነጭ ዝንብ። ተክሉን ስትነኩት ብን ብላ ትነሳለች። የክሽክሽ መፍትሔ በአብዛኛው ለእሷም ይሆናል።

ቀንድ አውጣ። የክረምት ችግር ነው። ቅጠሉ ተበልቶ የሚያብረቀርቅ የልጋግ መስመር ካለ እሱ ነው።

ሻጋታ። ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰ ከመሰለ፣ ወይም ክብ ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶ ቅጠሉ ከረገፈ፣ ተባይ አይደለም። የፈንገስ በሽታ ነው። የተባይ መርዝ ምንም አይሠራለትም። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የዘገየ አበባና ተባይ ብዙ ጊዜ አንድ ችግር ናቸው። ትሪፕስ የገባበት እንቡጥ አይፈታም። ቀይ ሸረሪት ያደረቀችው ቅጠል ምግብ ስለማይሠራ ተክሉ አዲስ እንቡጥ የሚያወጣበት አቅም ያጣል። ስለዚህ "አበባ አልሰጥ አለ" ብሎ ማዳበሪያ ከመግዛት በፊትም ቅጠሉን መገልበጥ ነው።

ለተባይ ያሉት አማራጮች

*ውሃና እጅ*

የቱቦ ውሃ በደንብ ገፋ አድርጎ ቅጠሉን ከስር ወደ ላይ ማጠብ። ይኸው ነው። ክሽክሽ ለስላሳና ደካማ ነው። አንዴ ከወደቀ አብዛኛው ወደ ተክሉ ተመልሶ መውጣት አይችልም። ቀይ ሸረሪትም እርጥበትን ትጠላለች፤ አቧራው ሲታጠብ ይከፋታል። በየሁለትና ሦስት ቀኑ ለሁለት ሳምንት ያህል መደጋገም ያስፈልጋል። ክሽክሽ ያለ ወንድ ስለሚራባና እንቁላል ሳይሆን ቀጥታ ልጅ ስለሚወልድ፣ ጥቂት ቢቀር እንደገና ይሞላል።

ጠዋት እጠቡ። ማታ የረጠበ ቅጠል በአዲስ አበባ ብርድ ሳይደርቅ ያድራል፤ ሻጋታ ይጋብዛል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ በስፕሬይ ጠርሙስና በጣት ማሸት ትችላላችሁ። ለቀንድ አውጣም ከእጅ የተሻለ ነገር አላየሁም። ማታ ባትሪ ይዞ መልቀም ነው። ጎድጓዳ ሳህን መሬት ውስጥ ቀብራችሁ ቢራ ወይም ጠላ ብትጨምሩበትም ይመጣል፤ የሚስበው የእርሾው ሽታ ነው። አመድ መበተንም ይከላከላል፣ ግን ዝናብ ሲነካው ዋጋ የለውም። ቀንድ አውጣ የሚበዛው ደግሞ በዝናብ ወቅት ነው።

*ሳሙና*

ለክሽክሽ፣ ለነጭ ዝንብ፣ ለቀይ ሸረሪትም በእኔ ግምት ይህ አንደኛ ነው። ሳሙና የሚገድለው ሲነካ ብቻ ነው። የነፍሳቱን ውጫዊ ሽፋን ያበላሸውና ያደርቀዋል። ከደረቀ በኋላ ምንም ኃይል የለውም። ጥሩነቱም ድክመቱም ይኸው ነው። ማታ የተረጨ ሳሙና በማግስቱ ጠዋት የምትመጣውን ንብ አይነካትም። ነገር ግን የቅጠሉን ጀርባ ካላራሳችሁ እዚያ ያለውን ተባይም አይነካውም።

መጠኑ ለ1 ሊትር ውሃ 2 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ነው። ደረቅ ሳሙና ከሆነ ትንሽ ፈቅፍቃችሁ በሙቅ ውሃ አሟሙትና ሲቀዘቅዝ ተጠቀሙ። ላርጎ ብለን በተለምዶ የምንጠራው የዕቃ ማጠቢያ ከእውነተኛ ሳሙና ይለያል። ቅባት አጥቢ ኬሚካል ስለሆነ የቅጠሉን ሰም ሊያነሳና ሊያቃጥል ይችላል። ሌላ ከሌለ መጠኑን በግማሽ ቀንሱ። ምንም ተጠቀሙ ምን፣ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቅጠል ላይ ሞክሩና አንድ ቀን ጠብቁ። ፀሐይ በበረታበት ሰዓት አትርጩ። ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ልዩነት ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሙት።

ውሃችሁ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ዓይነት ከሆነ፣ ድሬዳዋ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሳሙናው ቶሎ ይረጋል። የዝናብ ውሃ ይሻላል።

እዚህ ላይ ስለ እንዶድ የሚጠይቅ አይጠፋም። እንዶድም የሚያረፋ ነገር አለው፤ እናቶቻችን ልብስ ያጠቡበት ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያሉት የውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ከዚያ ተነስተው ቀንድ አውጣው የሚያስተላልፈውን ቢልሃርዝያ ለመከላከል ያደረጉት ምርምር በዓለም የታወቀ ነው። ግን እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ግቢያችሁ ወንዝ ዳር ከሆነ ወይም የዓሣ ገንዳ ካላችሁ አትድፉት። ለክሽክሽ ሳሙናው ይበቃል።

*ኒም*

የኒም ዛፍ እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ ከተማ በየመንገዱ አለ። ደጋ ላይ ግን ዘይቱን ገዝቶ መጠቀም ይቀላል። ኒም ወዲያው አይገድልም። ተባዩ መብላት ያቆማል፣ ትንንሾቹም ቆዳቸውን ቀይረው ማደግ ይሳናቸዋል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን "አልሠራም" ብላችሁ አትተዉት። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስጡት። ከሳሙና የሚበልጥበት ቦታ ትሪፕስ ላይና የክሽክሹ መመላለስ ሲያስቸግር ነው።

መጠኑ ለ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ የኒም ዘይት፣ ከጥቂት ጠብታ ሳሙና ጋር ነው። ያለ ሳሙና ዘይቱ ከውሃው ጋር አይቀላቀልም። ፍሬው የሚገኝባችሁ 50 ግራም የተወቀጠ የፍሬውን አስኳል በ1 ሊትር ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩና አጥልላችሁ በዚያው ቀን ተጠቀሙት። የፀሐይ ብርሃን ስለሚያበላሸው ማምሻውን እርጩ። ለሻጋታ ድኝ የረጫችሁበት ተክል ላይ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዘይት አትርጩ፤ ቅጠሉን ያቃጥለዋል።

*ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ*

ይህን በአጭሩ ልለፈው። ሽታው ተባይን ሊያርቅ ይችላል። ነገር ግን ሰው ሁሉ የሚሠራበት መጠን ይለያያል፣ ውጤቱም እንዲሁ። የተያዘ ተክል ከማዳን ይልቅ ያልተያዘውን ለመከላከል ነው የሚሆነው። ብዙ ጊዜ ሠራ የሚባለው አብሮት በተጨመረው ሳሙና ነው። ሚጥሚጣ በነፋስ ዐይን ውስጥ ሲገባ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

ትምባሆ ዘፍዝፎ መርጨት ግን ፈጽሞ አልመክርም። "ተፈጥሯዊ ነው" ይባላል። ኒኮቲን ግን በቆዳ በኩል የሚገባ ኃይለኛ መርዝ ነው። በላዩ ላይ የትምባሆ ቫይረስ ወደ ፔቱኒያና ጓሮ ወዳለው ቲማቲም ሊያስተላልፍ ይችላል።

*ከሱቅ የሚገዛ ኬሚካል*

ፍጥነት ከሆነ የምትፈልጉት የሚስተካከለው የለም። በአንድ ሁለት ቀን ክሽክሹ ይረግፋል። ግን ሦስት ነገር እወቁ።

አንደኛ፣ ኬሚካል ሁሉ አንድ አይደለም። ማላታይንና ዳይመቶኤት የነርቭ መርዞች ናቸው፤ ተባዩንም ንቧንም ክሽክሽ የምትበላውን ጥንዚዛም ሳይለዩ ይገድላሉ። ኢሚዳክሎፕሪድ በተክሉ ጭማቂ ውስጥ ገብቶ ይቆያል፤ የአበባ ዱቄቱና ማሩ ውስጥም ይደርሳል። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 እ.ኤ.አ. ከቤት ውጭ እንዳይረጭ የከለከለው በንብ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፣ ቀይ ሸረሪት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሸረሪቷ ነፍሳት ስላልሆነች ብዙው የነፍሳት መርዝ አያጠፋትም። እሷን የሚበሉትን ግን ያጠፋል። ውጤቱ ከመርጨቱ በፊት ከነበረው የባሰ ወረርሽኝ ነው። "መድኃኒቱን ደጋግሜ ረጨሁ፣ ቅጠሉ ግን ይብስ ቢጫ ሆነ" የሚል ሰው ከሰማችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ የግዢው ነገር። በአገራችን ሕግ መሠረት ፀረ-ተባይ ሳይመዘገብ መሸጥ የለበትም። በሃይላንድ ፕላስቲክ ተቀንሶ፣ ስም የሌለው ቢጫ ወይም ነጭ ፈሳሽ ከሰጧችሁ አትግዙ። ምን እንደሆነ፣ ስንት መጠን እንደሚገባ፣ ሰው ቢጠጣው ሐኪሙ በምን እንደሚያክም ማንም አያውቅም። ሕፃን ደግሞ የሃይላንድ ጠርሙስ ሲያይ ውሃ ነው የሚመስለው። ይህን ከማንኛውም ነገር በላይ አጥብቄ እናገራለሁ።

የግድ ከሆነ ኦሪጅናል ዕቃው ውስጥ ያለውን፣ ትንሹን መጠን ግዙ። ጓንትና ማስክ አድርጉ። ነፋስ በሌለበት፣ ንብ ከገባች በኋላ፣ ማምሻውን እርጩ። ያበበ ተክል ላይ አትርጩ። ከጤና አዳሙና ከበሶብላው በሩቁ።

*ለተፈጥሮ ጠላቶች መተው*

ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ክብ ጥንዚዛ እና ልጆቿ ክሽክሽ ይበላሉ። ልጆቿ እሷን አይመስሉም፤ ረዘም ያሉ፣ ግራጫ፣ እግራቸው የሚታይ ናቸው። ብዙ ሰው ተባይ መስለውት ይገድላቸዋል። ባቱ አካባቢ ያሉ ትላልቅ የፅጌረዳ እርሻዎች ቀይ ሸረሪትን ለመቆጣጠር ፋይቶሴዩለስ የምትባል አዳኝ ሸረሪት መሰል ፍጥረት ይለቃሉ። በሚሊዮን ዘንግ ወደ ውጭ የሚልክ እርሻ መርዙን ቀንሶ በዚህ ከተማመነ ነገሩ ቀልድ አይደለም ማለት ነው።

ለቤት ጓሮ አዳኟን ገዝቶ መልቀቅ አያዋጣም። ግን ያሉትን አለመግደል ነፃ ነው። ጉንዳኑ እንዳይወጣ ግንዱ ላይ ጨርቅ ጠምጥማችሁ ቫዝሊን ብትቀቡበት ጥንዚዛዋ ሥራዋን ትሠራለች። ድንብላልና እንስላል በአበባው መሃል ዝሩና እንዲያብቡ ተዉአቸው። ትንንሽ አበባቸው ክሽክሽ የሚበሉትን ዝንቦች ይጠራል።

አበባው ለምን ዘገየ? የትኛውስ መፍትሔ?

*ፀሐይ*

ፅጌረዳ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥታ ፀሐይ ትፈልጋለች። ስትተከል ፀሐይ ነበር፤ ከዚያ ጎረቤት ፎቅ ሠራ፣ የእናንተም ዝግባ አደገ። አዲስ አበባ ውስጥ በጣም የተለመደ ነው። ጥላ ውስጥ ያለች ፅጌረዳ ረጅምና ቀጭን ትሆናለች፣ አበባዋ ይጠፋል። ማዳበሪያ ይህን አይፈታውም። ወይ ዛፉን መከርከም፣ ወይ ተክሉን ማዛወር ነው። ማዛወሩን ክረምት መግቢያ ላይ አድርጉት። ጥላ የማይለወጥ ከሆነ ደግሞ ጥላ የሚችል ተክል፣ ለምሳሌ ሃይድራንጂያ ወይም ኢምፔሸንስ፣ ይተከልበት።

*መቀስ*

የደረቀ አበባ ካልተቆረጠ ተክሉ ጉልበቱን ወደ ፍሬ ያዞራል። ፅጌረዳን አምስት ንዑስ ቅጠል ካለው ቅጠል በላይ፣ ወደ ውጭ ከሚያይ ዐይን (አዲስ ቅርንጫፍ ከሚወጣበት ቡቃያ) ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ከተቆረጠ በኋላ እስከ አበባ ድረስ እንደ ሙቀቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። በኅዳርና ታኅሣሥ ብርድ ሊረዝም ይችላል። መቀሱን በአልኮል ጥረጉ።

ሁሉም ተክል ግን እኩል አይቆረጥም። ብዙው የሃይድራንጂያ ዓይነት የሚያብበው ባለፈው ዓመት ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ነው። አትክልተኛው "ላስተካክለው" ብሎ ሁሉንም ከላይ ከጨረገደው የሚቀጥለውን አበባ አብሮ ቆረጠው ማለት ነው። እዚያ የደረቀውን ጭንቅላት ብቻ አንሱ።

ፅጌረዳ ላይ አንድ የተደበቀ ምክንያትም አለ። አብዛኛው ከችግኝ ጣቢያ የሚገዛ ፅጌረዳ ተዳቅሎ የተጣበቀ ነው፤ ሥሩ የሌላ፣ ላዩ የሌላ። ከማጣበቂያው እብጠት በታች የሚወጣው ቅርንጫፍ የሥሩ ነው። ጠንካራና ፈጣን ነው፣ ቅጠሉም ይለያል፣ ያሰባችሁትን አበባ ግን አይሰጥም። ካልተነሳ ላይኛውን ይውጠዋል። ከሥሩ ጎትታችሁ ገንጥሉት፤ ከላይ መቁረጥ ያበዛዋል።

*ማዳበሪያ*

ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጂን ነው። ናይትሮጂን ቅጠል ነው። ቅጠል በዝቶበት አበባ ለጠፋበት ተክል ዩሪያ መጨመር ችግሩን ማባባስ ነው። ከዚያም በላይ ለስላሳ አዲስ ጫፍ ስለሚያበዛ ክሽክሽ ይጠራል። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ 19 በመቶ ናይትሮጂን፣ 38 በመቶ በፎስፌት የሚሰላ ፎስፈረስና 7 በመቶ ድኝ አለው። ፖታሲየም ግን የለውም። ለእህል የተሠራ ነው፤ ለፅጌረዳ ብቻውን አይበቃም።

የእኔ ምርጫ በደንብ የተብላላ ፍግ ወይም ኮምፖስት ነው። ቀስ ብሎ ይሠራል፣ ጥቁሩን የዋልካ አፈርም ያላላዋል። አመድ ፖታሲየም አለው። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ፣ ለአንድ ተክል አንድ እፍኝ ይበቃል። ከዩሪያ ጋር በአንድ ቀን አትስጡት፤ ናይትሮጂኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። የቡና አተላ ኮምፖስት ውስጥ ቢገባ ጥሩ ነው። ብቻውን ከላይ ሲከመር ደርቆ ውሃ አያሳልፍም። የእንቁላል ቅርፊት እስኪበሰብስ ዓመታት ይፈጃል፤ ለዘንድሮ አበባ አትቁጠሩት።

ፖት ውስጥ ላለ ተክል ግን ኮምፖስት ብቻ ላይበቃ ይችላል። ውሃው ምግቡን እያጠበ ይወስደዋል። እዚያ በውሃ የሚሟሟ፣ ፖታሲየሙ ከፍ ያለ ኤንፒኬ (ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ያለው ማዳበሪያ) በትንሽ መጠን በየሁለት ሳምንቱ መስጠት ገንዘቡን ያወጣል።

*ውሃና መብራት*

ቡገንቪሊያ ሲጠማ ነው የሚያብበው። በየቀኑ የሚጠጣ ቡገንቪሊያ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። አፈሩ ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ሲደርቅ ብቻ አጠጡት።

ፖይንሴቲያና ክሪሳንተመም ደግሞ የሚያብቡት ሌሊቱ ሲረዝም ነው። እኛ አገር የቀንና የሌሊት ልዩነት ትንሽ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ትንሽ መብራት ያምታታቸዋል። ከግቢ አምፖል ወይም ከመንገድ መብራት ስር ያለ ፖይንሴቲያ ለገና ካልቀላ መብራቱን አጥፉ ወይም ቦታውን ቀይሩ። ክሪሳንተመም አምራቾች ተክሉ ቶሎ እንዳያብብ ሲፈልጉ ሆን ብለው ማታ መብራት ያበራሉ።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ለምን ይሆናል | ፍጥነት | ወጪ | ለልጅና ለንብ | ድክመት |
|---|---|---|---|---|---|
| ውሃና እጅ | ክሽክሽ፣ ቀይ ሸረሪት፣ ቀንድ አውጣ | ወዲያው | የለም ማለት ይቻላል | አያሰጋም | መደጋገም |
| ሳሙና | ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብ፣ ቀይ ሸረሪት | በ1–2 ቀን | ዝቅተኛ | ጥሩ | ያልነካውን አይገድልም |
| ኒም | ትሪፕስ፣ ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብ | 1–2 ሳምንት | መካከለኛ | ማታ ከተረጨ ጥሩ | ትዕግሥት ይጠይቃል |
| ነጭ ሽንኩርት | መከላከል | አይታወቅም | ዝቅተኛ | ዐይን ያቃጥላል | ውጤቱ ወጥ አይደለም |
| ኬሚካል | ከባድ ወረራ | በ1–2 ቀን | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | አስጊ | ቀይ ሸረሪትን ሊያባብስ ይችላል |
| የተፈጥሮ ጠላት | ክሽክሽ | ሳምንታት | የለም | ምርጥ | መርዝ ከተረጨ አይሠራም |
| ፀሐይ ማግኘት | ለቀጠነና ላላበበ | ወራት | ጉልበት | አያሰጋም | ቦታ ይፈልጋል |
| መቀስ | ለዘገየ ፅጌረዳ | 6–8 ሳምንት | አንድ መቀስ | አያሰጋም | ለሃይድራንጂያ ይለያል |
| ኮምፖስትና አመድ | ለደከመ አፈር | ወራት | ዝቅተኛ | አያሰጋም | ቀርፋፋ |
| ዩሪያ | ቅጠሉ ገርጥቶ ላላደገ ብቻ | 1–2 ሳምንት | ዝቅተኛ | ከልጅ ይራቅ | አበባ ያዘገያል፣ ክሽክሽ ይጠራል |

ለማን የትኛው?

*ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ጥቂት ፖት ላላችሁ።* ኬሚካል ቤት ውስጥ አታስገቡ። ስፕሬይ ጠርሙስና ሳሙና ይበቃችኋል። ተክሉን በሳምንት አንዴ ሻወር ስር አስገብታችሁ ቅጠሉን እጠቡት፤ የበረንዳ ጠላት አቧራና ቀይ ሸረሪት ነው። በረንዳችሁ ወደ ሰሜን የሚያይና ጥላ ከሆነ ፅጌረዳ አትግዙ።

*ሰፊ የፅጌረዳ መደብ ላላችሁ።* በሳምንት አንድ ቀን ዞር ብላችሁ ቅጠል የመገልበጥ ልማድ አውጡ። ክሽክሽ በሦስትና አራት ጫፍ ላይ ሳለ ጣት ይበቃዋል። ከክረምት በኋላ፣ ጥቅምት ላይ፣ አዲስ ጫፍ ስለሚበዛ ያኔ በርቱ። ኒምን ለትሪፕስ አስቀምጡት።

*ካፌ ወይም ገስት ሃውስ ለምትሠሩ።* ደንበኛ የተጎዳ ተክል ማየት አይፈልግም፣ የመርዝ ሽታም አይፈልግም። በጣም የተያዘውን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ አውጡ፣ ቀሪውን በሳሙና። ገንዘቡን ኬሚካል ላይ ሳይሆን በወር ሁለቴ የሚመጣ፣ መግረዝ የሚያውቅ አትክልተኛ ላይ አውሉት።

*ትንንሽ ልጆች፣ ውሻ ወይም የንብ ቀፎ ላለበት ግቢ።* ውሃ፣ ሳሙና፣ ጥንዚዛ። ከዚህ አትለፉ። አንድ ተክል በዚህ ካልዳነ ተክሉን ነቅሎ መተካት ይሻላል።

*በጀት ለሌላችሁ።* መቀሱን ተዋሱ፣ አመዱን ከምድጃ፣ ፍጉን ከብት ከሚያረባ ጎረቤት አግኙ። ትኩስ ፍግ ግን ሥር ያቃጥላል፤ ሁለት ሦስት ወር ይብላላ።

*ለበዓል ወይም ለሠርግ አበባ ለምትፈልጉ።* እዚህ ማዳበሪያ አያድናችሁም፤ የሚያድነው ቀን መቁጠር ነው። ለገና ከሆነ ፅጌረዳውን ጥቅምት 25 ገደማ ግረዙ። ለጥምቀት ኅዳር መጀመሪያ ላይ። ለፋሲካ ከበዓሉ ሰባት ስምንት ሳምንት ወደኋላ ቁጠሩ፤ የየካቲትና መጋቢት ሙቀት ስለሚያፈጥነው። ለእንቁጣጣሽ ሐምሌ መግቢያ ላይ መግረዝ ይቻላል፣ ግን በክረምቱ ደመና ፀሐይ ስለሚያንስና ጥቁር ነጠብጣብ ስለሚበዛ ብዙ አትጠብቁ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትግረዙ። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ከሳምንት በኋላ ብታደርጉት፣ ብርዱ ቢያዘገየው እንኳ አንደኛው ወገን ለቀኑ ይደርሳል።